የጉድጓዱ ውሃ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ወንድሜ ታሟል። ካሳ መጠየቅ ይቻላል?

የተክልዬ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሆነን ተከራይተን ነው የምንኖረው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋም ይጠፋል። አከራያችን ግቢው ውስጥ ያስቆፈሩት ጉድጓድ አለ። በፓምፕ ወደ ሮቶ ይሞላል፣ እኛም በየወሩ ከኪራዩ ጋር የውሃ ብለን እንከፍላለን። ከአጥሩ ጀርባ የነዳጅ ማደያ አለ። የማንንም ስም አልጠራም።

ውሃው መሽተት ከጀመረ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ለአከራያችን ስንነግራቸው «የፓምፑ ዘይት ነው፣ ይለቃል» አሉን። ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ሽታው ስለሚቀንስ ውሃ አጋር ጠብ እያደረግን ጠጣነው። ምን አማራጭ አለ? አበሰልንበት፣ ታጠብንበት።

ታናሽ ወንድሜን ድካም ጀመረው። ድዱ ይደማል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ይበልዛል። ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። መቅኔው ደም ማምረት አቅቶታል ነው የተባለው። አሁን ደም እየተሰጠው ነው። ሥራም አቁሟል። የውሃውን ነገር ለሐኪሙ ስንነግረው ካርዱ ላይ ጻፈው፤ «ከውሃው ነው ብዬ ግን ልፈርምላችሁ አልችልም» አለን።

ማንን ነው የምንከሰው? አከራያችንን? ማደያውን? ውሃና ፍሳሽን? ወይስ ዝም ብለን እንጸልይ?

ኤርሚ ሜክሲኮ

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ግን ቆይ፣ አሁንም ያንን ውሃ እየተጠቀማችሁ ነው እንዴ?

የተክልዬ ልጅ

አሜን። ሴት ነኝ። ለመጠጥ ትተነዋል። ለልብስና ለገላ ግን ምን እናድርግ።

ላብራቶሪው

ለገላም ተዉት። ዛሬውኑ።

ቤንዚን የምንለው ነዳጅ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ከእነሱ አንዱ ቤንዝን ይባላል። መቅኔን የሚጎዳው እሱ ነው። ወንድምሽ አለበት የተባለውን ዓይነት የመቅኔ መድከም እንደሚያመጣ፣ አልፎም ሉኪሚያ እንደሚያስከትል በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካኖቹ 5 ብለውታል።

ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ሽታው የሚቀንሰው ውሃው ስለጠራ አይደለም። ተኖ እናንተ የተኛችሁበት ክፍል ስለገባ ነው። ማፍላትም ያው ነው፣ እንፋሎቱን ትምጉታላችሁ። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ሻወር ደግሞ የባሰ። ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅን ምን ያደርገዋል።

ሽታው ቀነሰ ብላችሁም አትዘናጉ። ቤንዝን ራሱ በውሃ ውስጥ ለአፍንጫ የሚታወቀው በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከተፈቀደው ጣሪያ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። የሸተታችሁ አብረውት ያሉት ቶሉይንና ዛይሊን ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ስለ ምርመራው። ሰው ሁሉ ናሙና የሚያመጣው በሃይላንድ ነው። ግማሽ ድረስ የተሞላ ሃይላንድ፣ ያውም ፀሐይ ላይ የዋለ። ለእንዲህ ዓይነት ኬሚካል ከንቱ ነው፣ መንገድ ላይ ተኖ ያልቃል። ጥብቅ ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ ያስፈልጋል። አፉ ድረስ ሞልቶ አንድም የአየር አረፋ ሳይኖርበት ይዘጋል፣ በበረዶ ተይዞ ቶሎ ይደርሳል። ብልቃጡን ከላብራቶሪው ራሱ ጠይቁ። አስቀድማችሁም «ጋዝ ክሮማቶግራፊ (እንዲህ ያለውን ኬሚካል የሚለካ መሣሪያ) አላችሁ? ቤንዝን ትለካላችሁ?» በሉ። ተራውን የውሃ ምርመራ ካዘዛችሁ ፒኤች፣ ናይትሬት፣ ባክቴሪያ ለክተው «ለመጠጥ ተስማሚ» የሚል ወረቀት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ያቺን ወረቀት ነው ነገ የማደያው ጠበቃ ችሎት ላይ የሚያውለበልባት።

ብርሌ

መንግሥትን ነው መክሰስ! ውሃ በአግባቡ ቢመጣ ማን የጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ይላል አይደል?

ችሎት

ጠበቃ ነኝ፤ ልደታ ነው የምውለው። ይህ አጠቃላይ ሐሳብ ነው እንጂ የጉዳይሽን ወረቀት አይቼ የሰጠሁት ምክር አይደለም።

ብርሌ፣ ንዴትህ ይገባኛል። አንቀጽ 44ም አለ። ግን ያመማቸው የውሃና ፍሳሽ መስመር አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የሙያተኞች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነበት። ተቆጣጣሪውን መክሰስ ዳገት ነው። በካዩን ያዙ።

እህቴ፣ በማደያው በኩል ያለው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 ነው። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በማከማቸት ሰውን ካልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ፣ አደጋው ሲደርስ ይከፍላል። ጥፋት መሥራቱን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። አንቀጽ 2086 ደግሞ በሮቹን ይዘጋበታል፦ «ጥፋት የለብኝም»፣ «መከላከል አልችልም ነበር»፣ «ሌላ ሰው ነው ያደረገው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የሚቀርለት «ጥፋቱ የተጎጂው ነው» ማለት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በእርግጠኝነት ይለዋል። «እየሸተታቸው ጠጡት» ይላል። ስለዚህ ለአከራያችሁ መናገራችሁና እሳቸው የፓምፕ ዘይት ነው ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። ማን ሰምቷል? በቴሌግራም የተጻጻፋችሁት አለ? ካለ አታጥፉት።

አከራይሽን በሌላ በር ነው የምትገቢባቸው፣ በውል። ለውሃው እየከፈላችሁ ነበር። የቴሌብር መልእክቶቹን ሰብስቢ። በአንድ ጉዳት ላይ ውልንና ከውል ውጭ ኃላፊነትን እንደፈለጉ መቀላቀል አይቻልም (አንቀጽ 2037)፤ ከውል የመጣ ግዴታ ካለ በውል ነው የሚጠየቁት። ለእናንተ ግን ይህ ክፉ አይደለም። ለምን? በይርጋው፣ ማለትም ክስ በሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ምክንያት።

ይርጋው ነው ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው። ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ፣ እንደ ማደያው ያለው፣ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143። የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ሕጉ «ካወቅህበት ቀን» አይልም። ቀስ ብሎ ለሚገድል መርዝ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ለመኪና አደጋ ነው የሚመቸው። የውል ክስ ግን በመርሁ 10 ዓመት አለው፤ አንቀጽ 1845። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለውም ለካሳው ያው ይሠራል። ውሃ መበከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 517 ስር ያለ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ግን ተማምነሽ አትቀመጪ። ወንድምሽ መጀመሪያ የታከመበትን ቀን ከካርዱ አውጪና ከዚያ ቁጠሪ።

ቶማስ

ሰው እንዳይቀየመኝ። ግን ይህን ጥያቄ እኛ ካልጠየቅን ተከሳሹ ይጠይቀዋል። ወንድምሽ ሥራው ምን ነበር?

የተክልዬ ልጅ

ማተሚያ ቤት። አራት ኪሎ አካባቢ። ማሽን ላይ ነበር።

ቶማስ

አየሽ? ማሽን የሚታጠበው በቤንዚንና በቲነር ነው። ጠበቃቸው እዚያች ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ከሥራው ነው ያመጣው» ይላል። እኔ ብሆንም እላለሁ።

ኤርሚ ሜክሲኮ

አቦ ቶማስ፣ የማን ወገን ነህ?

ላብራቶሪው

ልክ ነው ያለው። የሚመልሰውም አንድ ነገር ነው፤ ግቢው። ማተሚያ ቤት ረግጠው የማያውቁ ጎረቤቶችሽ ያንኑ ውሃ ጠጥተዋል። ሁሉም ሙሉ የደም ቆጠራ ያስደርጉ። ርካሽ ምርመራ ነው፣ የትም ክሊኒክ አለ። ነጭ የደም ሕዋስ፣ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላትሌት። ቤት ውስጥ የሚውሉ ሴቶችና ሕፃናት ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የማተሚያ ቤቱ ወሬ ይቀላል። ካልተገኘ ደግሞ እውነቱን አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል፤ ለጤናቸውም ቢሆን።

የተክልዬ ልጅ

አንዷ ጎረቤቴ ነፍሰ ጡር ሆና ስትመረመር ደምሽ በጣም አንሷል ተብላ ነበር። እርግዝናው ነው ብለን ተውነው። ከቤት ወጥታ ሠርታ አታውቅም።

ችሎት

የእሷን ወረቀት ቅጂ ያዢ፣ በፈቃዷ። በእርግዝናም ደም ያንሳል፣ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ነው ትርጉም የሚኖረው።

አንድ ነገር ላስተካክል፣ 2069ን ሳነሳ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስል። ጥፋትን ማስረዳት ቀረ እንጂ ነዳጁ ከእነሱ ታንከር መውጣቱንና ሕመሙ ከዚያ መምጣቱን የማስረዳት ሸክም አሁንም የእናንተ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ፍርድ ቤት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰኑ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ማደያው ግቢ ገብተው ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አላቸው። አንቺ የለሽም። እነሱ አሽገውና ፈርመው የወሰዱትን ናሙና ማንም «ራሷ ቤንዚን ጨምራበት ይሆናል» ሊል አይችልም። ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ አድርጊ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመቺ።

እና ቶሎ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ሰዉ የት የት እንደተበተነ አይተናል። ተክለሃይማኖት ነገ ቢነሳ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ምስክሮችሽ አንዷ ኮዬ ፈጬ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ይሆናሉ። አሁኑኑ ስም፣ ስልክና የኖሩበትን ጊዜ መዝግቢ።

ጋሽ ደምስ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ክስ ክስ ትላላችሁ። አከራዩን በሽማግሌ መያዝ አይሻልም? ሰውዬው ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ዕድርም አላቸው። በይሉኝታም ቢሆን የሕክምናውን ይረዳሉ። ፍርድ ቤት ገብቶ ስንት ቀጠሮ ይቆጠራል? ልጁ ደግሞ ደም የሚፈልገው ዛሬ ነው።

እኔ ዝዋይ አካባቢ ነው ያደግሁት። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ አለው፣ የእኩዮቼ ጥርስ ሁሉ ቡናማ ነው። አጥንቱ የተያዘበትም አለ። ማንን እንክሰስ? ድንጋዩን? ከመሬት የመጣ ነው ብለን ተቀመጥን።

ላብራቶሪው

ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ልክ እንዳሉት ነው። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው የሚሟሟው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ነዳጅ ግን ከድንጋይ አይመጣም። የሆነ ሰው ታንከር አፍስሷል።

ችሎት

ጋሼ፣ ሽምግልናውን አልጠላሁትም። እንዲያውም ለሕክምናው ቶሎ የሚደርስ ገንዘብ ከተገኘ በዚያ ነው የሚገኘው። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ ሽማግሌ መላክ ይርጋውን አያቆመውም። ይርጋን የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው (አንቀጽ 1851)። «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር፣ ከክረምቱ በኋላ እንነጋገር» እየተባለ 2 ዓመቱ ያልቃል። ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የተባለው በጽሑፍ ይሁን፣ አከራዩ ይፈርሙበት፣ ምስክርም ይፈርም። ሕክምና ስለረዱ ብቻ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ደግሞ ልጁ እንዳይፈርም።

ጋሽ ደምስ

እሱስ እውነትህን ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት

ከሩቅ ሆኜ ሳነብ ነበር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ ፋይል አደራጃለሁ፣ የካምፕ ለጁን ጉዳዮች ብዙ በእጄ አልፈዋል። የሚያስተምር ነገር ስላለው ልጻፈው።

ካምፕ ለጁን ኖርዝ ካሮላይና ያለ የባሕር ወለድ ጦር ሰፈር ነው። ከ1953 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ወታደሩም ቤተሰቡም የተበከለ ውሃ ጠጥቷል። አንዱ ሰፈር ውሃው የተበላሸው ከካምፑ ውጭ ከነበረ የልብስ ላውንደሪ በወጣ ኬሚካል ነው። ሌላው ሃድኖት ፖይንት የሚባለው ጋ ከማሟሟያ ኬሚካሎች በተጨማሪ የነዳጅ ማከማቻ አፍስሷል፤ ቤንዝን ነበረበት። ልክ እንደ እናንተ ግቢ።

ሰዎቹ ለዓመታት ከሰሱ፣ ተሸነፉ። ለምን? የዚያ ግዛት ሕግ 10 ዓመት ካለፈ አይሰማም ይል ስለነበር። በመጨረሻ በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. ኮንግረስ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ። ቢያንስ 30 ቀን እዚያ የኖረ ወይም የሠራ ማመልከት ይችላል ተባለ። የማስረጃውንም ደረጃ ዝቅ አደረጉት፤ ሕመሙ ከውሃው የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ዕድል እኩል እንኳ ከሆነ ይበቃል። ማመልከቻው የተዘጋው በኦገስት 2024 ነው፤ ከ400,000 በላይ ሰው አመለከተ። መንግሥት ቶሎ ለመጨረስ ባቀረበው አማራጭ ክፍያው እንደ በሽታውና እንደ ቆይታው ከ100,000 እስከ 450,000 ዶላር ነው፣ ለሞተ ሰው 100,000 ይጨመራል። ሉኪሚያ፣ የኩላሊት ካንሰር፣ ፓርኪንሰን ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ያም ሆኖ ብዙው ፋይል እንደቆመ ነው።

እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ፋይሉ የሚንቀሳቀስለት ሰው በጣም የታመመው አይደለም። የኖረበትን የሚያሳይ ወረቀት ያለው ነው። የቤት ምደባ ደብዳቤ፣ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ። ያ የሌለው አልጋ ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ብርሌ

450,000 ዶላር! እኛ ጋስ?

ችሎት

እኛ ጋ በገንዘብ የሚሰላው ጉዳት ይካሳል። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነው ኪሳራ። ጣሪያ የለውም፣ ማስረጃ ግን ይፈልጋል። ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ። የትራንስፖርቱንም ቢሆን ያዙ። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም በገንዘብ ለማይሰላው ሐዘንና ሥቃይ ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ አንቀጽ 2116።

ብርሌ

1,000 ብር? እየቀለድክ ነው።

ችሎት

ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ቁጥሩን እስካሁን የነካው የለም።

ቶማስ

ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ነው።

የተክልዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ጠበቃ የምንይዝበት ገንዘብ የለንም። ክሱን እኔ ላቅርበው ወይስ እሱ? ከማተሚያ ቤቱስ ምን ላምጣ?

ችሎት

ክሱ የእሱ ነው፣ ተጎጂው እሱ ነው። ሆስፒታል እየተመላለሰ መቆም ካልቻለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ይስጥሽ። አሁን፣ ጉልበት እያለው። ክፉ ነገር ላሟርት አይደለም፣ ግን በሞት ጊዜ ሕጉ ካሳ የሚሰጠው ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጅና ለልጅ ነው። እህት የለችበትም። እናታችሁ ካሉ ይህን ይወቁት።

የዳኝነት መክፈያ ለሌለው ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል፤ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ነው። ስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ጀምሪ። ጎረቤቶችሽም አብረው ከተጎዱ እያንዳንዱ ለየብቻ ፋይል መክፈት ግድ አይደለም፤ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው በፍርድ ቤቱ ፈቃድ አንድ ወይም ሁለት ሰው ወክለው መክሰስ ይችላሉ።

ከማተሚያ ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ፤ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ምን ክፍል። አትደብቂው። የደበቅሽውን እነሱ ካመጡት ሌላውም ማስረጃሽ ይጠረጠራል። ጊዜው ምናልባት ይጠቅምሻል፦ ከሽታው በፊት ዓመታት እዚያ ሠርቶ ጤነኛ ከነበረና ያን የሚያሳይ የቆየ የደም ምርመራ ካለው፣ ነገሩ ወደ ውሃው ያደላል።

የተክልዬ ልጅ

መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የተመረመረው አለ። ደምም የለገሰበት ካርድ አለው፣ ሽታው ከመጀመሩ በፊት።

ላብራቶሪው

የደም ልገሳው ካርድ ጥሩ ነው። ደም ባንክ ሳይለካ አይቀበልም። ቀኑ ይታይ እንደሆነ እይው።

ኤርሚ ሜክሲኮ

በሚቀጥለው ፈረቃ ጀሪካን ይዤ እመጣለሁ፣ እኛ ጋ ውሃ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሳሪስ 58

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኛ ግቢ ጉድጓድ አለ፣ አጠገባችን ማደያ የለም፣ ሽታም የለውም። ግን መጸዳጃ ጉድጓዱ ቅርብ ነው። እንመርምረው?

ላብራቶሪው

አዎ። ለእናንተ ናይትሬትና ባክቴሪያ ነው የሚያስፈልገው። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ በተለይ በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን አደገኛ ነው፣ ማፍላትም ያብሰዋል። ለናይትሬቱ ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል። ለባክቴሪያው ግን የተቀቀለ ጠርሙስ ከላብራቶሪው ውሰዱ።